ገበናና ምስጢር

ገበናና ምስጢር በአፋችን ላይ ጎን ለጎን የሚኖሩ፣ ብዙ ጊዜም እንደ መንትያ የሚቆጠሩ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ዝም በል ይላሉና። ነገር ግን ዝምታው ማንን ለመጠበቅ እንደ ሆነ ረጋ ብሎ የጠየቀ ሰው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይረዳዋል። ገበና የቤት ነው፤ የአባት ስም እንዳይጎድፍ፣ የእናት አንገት እንዳይደፋ፣ ዘመድ አዝማድ በለቅሶና በሠርግ ቤት መነጋገሪያ እንዳይሆን ተብሎ ይሸፈናል፤ መሸፈኛውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጎተተው ጉዳቱ በደረሰባት ልጅ ፊት ላይ ነው። ምስጢር ግን የባለቤቱ ነው። ተነሳሒው ለመምህረ ንስሐው የተናገረው ቃል ከዚያ የማያልፈው ካህኑ ስለ ቤተ ዘመዱ ክብር ስለሚጨነቅ ሳይሆን፣ ቃሉ የተናጋሪው ገንዘብ፣ ካህኑም አደራ ጠባቂ ስለ ሆነ ነው። እዚህ ላይ የምተርከው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ወሲባዊ ጥቃት ወይም የፍቅር ጓደኛ ዱላ የደረሰባቸው ተማሪዎች ገብተው የሚናገሩበት፣ የተናገሩትም ያለ ፈቃዳቸው የማይወጣበት ክፍል እንዴት እንደ ተገኘ ነው። ለእኔ ይህ ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ መከራ ከገበናነት ወጥቶ ምስጢር እስኪሆን ድረስ የተጓዘው መንገድ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የመንገዱ መነሻ፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ የኑዛዜ ነገር ነው። በ1813 በኒውዮርክ ከተማ ለአንድ ነጋዴ የተሰረቀበት ንብረት የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ካህን በነበሩት በአባ አንቶኒ ኮልማን እጅ ተመለሰለት። ፍርድ ቤቱም ካህኑን አስጠርቶ ንብረቱን ማን እንደ ሰጣቸው ይናገሩ ዘንድ ጠየቃቸው። ነገሩ በኑዛዜ የሰሙት ነበርና አባ ኮልማን አልናገርም አሉ። የከተማይቱ ከንቲባ ደዊት ክሊንተን በመሩት ችሎት ከረጅም ክርክር በኋላ ካህኑ ሊገደዱ አይገባም ተብሎ ተፈረደ፤ የካቶሊክ ምእመናን ጥቂቶች በነበሩበት ከተማ ይህ ቀላል ብይን አልነበረም። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1828፣ የኒውዮርክ ግዛት የካህኑን ምስጢር በጽሑፍ ሕግ አጸና፤ በዚያው ጊዜም ሐኪም ከበሽተኛው የሰማውን እንዳይመሰክር ደነገገ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ሕግ ፊት ቀሚስ የለበሰ ካህን፣ መድኃኒት የያዘ ሐኪም፣ መጽሐፍ የተሸከመ ጠበቃ የሰማውን ይዞ መቀመጥ ተፈቀደለት። በሌሊት የተደፈረችን ሴት እጇን ይዛ የምታድር ሴት ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ አልነበረችም፤ እንዲህ ያለች ሴት መኖሯን ያሰበ ሕግ አውጪም አልነበረም።

እርሷን የፈጠራት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተነሣው የሴቶች ንቅናቄ ነው። በ1971 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ፣ በ1972 በዋሽንግተን ከተማ፣ በጥቂት ወራትም ውስጥ በሌሎች ከተሞች፣ አንድ ስልክና ጥቂት ፈቃደኛ ሴቶች ብቻ ያሏቸው የተደፈሩ ሴቶች መርጃ ማእከሎች ተከፈቱ። የዋሽንግተኖቹ ሴቶች ሥራውን ለራሳቸው ብቻ አልያዙትም፤ ሌላው ከተማ ተመሳሳዩን እንዲያቋቁም መንገዱን የሚያሳይ አነስተኛ መጽሐፍ በዚያው በ1972 አዘጋጅተው አሰራጩ። በዚያ ዘመን ፖሊስ ጣቢያ የሄደች ልጅ አስቀድሞ የሚቀርብላት ጥያቄ ምን ለብሳ እንደ ነበርና ለምን በዚያ ሰዓት እንደ ወጣች ነበር። እነዚህ ሴቶች ግን ስልኩን አንሥተው የሚጠይቁት አሁን ያለችበት ቦታ ደኅና መሆኑን፣ ቀጥሎም ምን እንደምትፈልግ ነበር። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን የኋላው ታሪክ ሁሉ በእርሱ ውስጥ እንደ ፍሬ ተጠቅልሎ እንደ ነበር አምናለሁ፤ ፈቃዷን የተነጠቀችን ሰው መጀመሪያ ፈቃዷን መጠየቅ ነውና።

ከዩኒቨርሲቲ ወገን ለዚህ ነገር ጆሮአቸውን ከሰጡት መካከል በቦስተን ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት የነርስነት መምህርቷ አን በርጀስና የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሯ ሊንዳ ሆልምስትረም ይገኛሉ። ከ1972 አጋማሽ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ተደፈርሁ ያለ ሰው ወደ ቦስተን ከተማ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በመጣ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ስልክ ይደወልላቸዋል፤ ከአልጋቸው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ከተጎጂዋ አጠገብ ተቀምጠውም ያዳምጣሉ። እንዲህ አድርገው 146 ሰዎችን ተቀበሉ። የሰሙትን በ1974 በሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ ሲያወጡ፣ የእንቅልፍ ማጣቱን፣ የድንጋጤውን፣ አንዳንዷ እያለቀሰች ሌላዋ እንደ ድንጋይ ረግታ መቀመጧን በአንድ ስም ሰብስበው፣ ሕመሙ የእብደት ሳይሆን የጉዳት ምልክት መሆኑን አስረዱ። ዝም ብላ የተቀመጠችው ልጅ ስላላለቀሰች ብቻ አትታመንም የሚለውን የፖሊስና የዳኛ ልማድ የሚያፈርስ ምስክርነት ነበር።

በግቢዎቹ ውስጥ ግን ነገሩ በምሁራን ጽሑፍ ብቻ አልመጣም። በ1973 የጸደይ ወራት በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተከታታይ በመደፈራቸው ሴቶች ተማሪዎችና ሠራተኞች የአስተዳደሩን ሕንፃ ገብተው ተቀመጡ፤ ለቀናት ቆይተው የወጡትም መብራትና ጥበቃ ብቻ ሳይሆን የሴቶች ማእከል እንዲቋቋም አስፈቅደው ነው። በ1977 የየል ዩኒቨርሲቲ ሴቶች፣ በ1972 የወጣውንና በትምህርት ቤት በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለውን፣ ርዝመቱ 37 የእንግሊዝኛ ቃላት የሆነውን ድንጋጌ ይዘው፣ በመምህር መዋከብም አድልዎ ነው ሲሉ ከሰሱ፤ በ1980 በይግባኝ ቢረቱም ዩኒቨርሲቲው አቤቱታ የሚሰማበትን ሥርዓት ለማቋቋም ተገደደ፣ ሐሳባቸውም በሌሎች ችሎቶች ሥር ሰደደ። በ1986 ደግሞ፣ ተማሪዎች በባለ ሥልጣን ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ከተቃወሙ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ወሲባዊ ጥቃትን የሚከላከልና ተጎጂዎችን የሚረዳ ራሱን የቻለ ማእከል ከፈተ። ከነዚህ ማእከሎች አንዱም አስተዳደር በራሱ ርኅራኄ ተነሥቶ ያቋቋመው እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል።

የችግሩ ስፋት በቁጥር የታወቀው በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። ጄምስ ሜክፒስ የተባለው ምሁር በ1981 ባሳተመው ጥናት ከጠየቃቸው ተማሪዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል በፍቅር ጓደኝነት ውስጥ ዱላ ወይም የእጅ ማንሣት ደርሶበታል፤ እስከዚያ ድረስ ዱላ የባልና የሚስት ነገር ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ1987 ደግሞ ሜሪ ኮስና ባልደረቦቿ በ32 ኮሌጆች 6,159 ተማሪዎችን ጠይቀው፣ ከሴቶቹ ከአራት አንዷ ያህል ከ14 ዓመት ዕድሜዋ ወዲህ መደፈር ወይም የመደፈር ሙከራ እንደ ደረሰባት አገኙ። አብዛኛውም አድራሹ በጨለማ የተደበቀ እንግዳ ሳይሆን የምታውቀው ሰው ነበር። በዚያ ጥናት ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ከተደፈሩት መካከል 42 ከመቶው ለማንም፣ ለእናትም ለጓደኛም፣ አልተናገሩም፤ ለፖሊስ ያመለከቱትም 5 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ምንም ያህል ደንብ ቢያወጣ፣ ምንም ያህል መርማሪ ቢሾም፣ ካልተነገረው ነገር ምን ሊያደርግ ይችላል?

እንግዲህ ንግግርን የሚያስጀምረው ነገር ንግግሩ የማይወጣ መሆኑን ማወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ በፒትስበርግ ከተማ በብርቱ ተፈተነ። በዚያ ከ1972 ጀምሮ የተደፈሩትን የሚረዳ ድርጅት ነበረ። በአንድ የአስገድዶ መድፈር ክስ የተከሳሹ ጠበቃ፣ ተበዳይዋ ለድርጅቱ አማካሪ የተናገረችው ሁሉ የተጻፈበት ፋይል ይቅረብልኝ ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛውም ይቅረብ ብለው አዘዙ። የድርጅቱ ኃላፊ ፋይሉን አላቀርብም አለች። ነገሩን በዓይነ ኅሊና ማየት ይገባል፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ልጅቷ በዚያች ሌሊት ያለቀሰችው፣ ራሷን የወቀሰችው፣ ለቤተ ሰቦቿ ያልተናገረችው ሁሉ ነው፤ እርሱም በመስቀለኛ ጥያቄ እየተመዘዘ መልሶ እርሷን ሊወጋት ነው። ኃላፊዋ ስለ እምቢታዋ ችሎት በመድፈር ጥፋተኛ ተባለች። በቋንቋችን ሴትን ማዋረድና ዳኛን አለመታዘዝ በአንድ ግሥ መጠራታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኝ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የተደፈረችውን የጠበቀች ሴት ራሷ ደፋሪ ተብላ ቆመች። የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 ነገሩን መርምሮ ሙሉውን መከለያ ከለከለ፤ ዳኛው ፋይሉን ለብቻው አንብቦ፣ ስለ ወንጀሉ ፍሬ ነገር የተናገረችውን ለተከሳሹ ወገን ይስጥ ሲል ወሰነ።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልቆዩም፤ በዚያው በ1981 ታኅሣሥ ሳይወጣ፣ የተደፈረ ሰው ለአማካሪው የነገረው ቃል ያለ ራሱ የጽሑፍ ፈቃድ በየትኛውም ችሎት እንዳይገለጥ ደነገጉ። ካሊፎርኒያም ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1980፣ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። በነዚህ ሕጎች ውስጥ የምወደው አንድ አንቀጽ አለ፤ መከለያውን የሚያስገኘው የሐኪምነት ማዕረግ ወይም የክህነት ሥልጣን ሳይሆን የ40 ሰዓት ሥልጠና ነው። ስለዚህ ቀን በመደብር የምትሠራ፣ ማታ ስልክ የምታነሣ ፈቃደኛ ሴት፣ አባ ኮልማን በ1813 የተከራከሩለትን አደራ በሕግ ፊት ተቀበለች። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ያው የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ብሎ አጸናው።

በዚያችው ግዛት ከተፈጸመ ግድያ ደግሞ ከዚህ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ሌላ ሕግ ተወለደ። ሚያዝያ 5 ቀን 1986 የ19 ዓመቷ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጂን ክሌሪ በማደሪያዋ ክፍል ውስጥ ተደፍራ ተገደለች፤ ገዳይዋ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሲሆን፣ የገባውም ራሳቸው እንዲቆለፉ የተሠሩ በሮች ተደግፈው ክፍት ስለ ቀሩ ነው። ወላጆቿ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት በግቢው 38 የኃይል ወንጀሎች ተፈጽመው እንደ ነበርና ለማንም እንዳልተገለጸ ሲሰሙ ኀዘናቸውን ወደ ሕግ ለወጡት። በ1990 የወጣው፣ በኋላም በስሟ የተጠራው የአገሪቱ ሕግ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የተፈጸመውን ወንጀል በየዓመቱ ቆጥረው እንዲያወጡ አስገደደ። አንዱ ሕግ ዝም በል፣ ሌላው ሕግ ተናገር የሚል ይመስላል። ለእኔ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የክሌሪ ሕግ ያፈረሰው የተቋሙን ገበና ነው፣ የፔንሲልቬኒያው ሕግ የጠበቀው የተጎጂዋን ምስጢር ነው። ቁጥሩ ይወጣል፣ ስሟ ይቀራል። ለዚህም ነው የክሌሪ ሕግ የሃይማኖት አማካሪንና የሥነ ልቡና ባለ ሙያን፣ በዚያ ሥራቸው ላይ ሳሉ የሰሙትን እንዲያመለክቱ ከሚያስገድደው ግዴታ ነጻ ያደረጋቸው። በ2013 ሕጉ ሲሻሻል የፍቅር ጓደኛ ዱላ፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና እየተከታተሉ ማስጨነቅ በሚቆጠሩት ወንጀሎች ላይ ተጨመሩ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ፈተና ከደግ አሳብ የተወለደ ነው። በ2011 የትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት ለዩኒቨርሲቲዎች በጻፈው ደብዳቤ ጥቃትን ሰምቶ ችላ ማለት የመብት ጥሰት መሆኑን አጥብቆ አሳሰበ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከቅጣት ለመዳን መምህራንና የማደሪያ ኃላፊዎች የሰሙትን ሁሉ እንዲያመለክቱ አዘዙ። ውጤቱ ምን ሆነ? ተማሪዋ የቤት ሥራዋን ለምን እንዳዘገየች ለምታምነው መምህር ቀስ ብላ ብትነግር፣ መምህሩ ሳይወድ በግድ ስሟን ወደ መርማሪ ይልካል፤ እርሷ ሳትመርጥ ባለ ፋይል ትሆናለች። በ2014 መንግሥቱ ይህንን ተመልክቶ፣ በምስጢር የሚሰሙ ሠራተኞች ከዚህ ግዴታ ነጻ መሆናቸውንና በሴቶች ማእከል የሚያገለግሉም ከነሱ ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ገለጸ። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጃኔት ናፖሊታኖ ያቋቋሙት ኮሚቴ ባቀረበው ምክር መሠረት በዐሥሩም ግቢዎች ከመርማሪው ጽሕፈት ቤት የተለየ፣ ለተጎጂው ብቻ የቆመ የምስጢር አማካሪ ቢሮ እንዲኖር ተወሰነ።

ቃል መግባት ግን መከለያ አይደለም፤ ይህም ወዲያው ታየ። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲን አንዲት ተማሪው በ2015 መጀመሪያ ላይ ስትከስ፣ የዩኒቨርሲቲው ጠበቆች በዚያው ግቢ የምክር ክሊኒክ ያላትን የሕክምና መዝገብ ያለ ፈቃዷ አስቀድመው መውሰዳቸው ተገለጠ፤ ይህን በመቃወም ድምፃቸውን ያሰሙት የዚያው ክሊኒክ ሠራተኞች ነበሩ። የፒትስበርጉ ፋይል ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ተከፈተ ማለት ነው። የኦሪገን ግዛት በዚያው በ2015 የግቢ ደጋፊዎችን ጨምሮ ሥልጠና ያላቸው አማካሪዎች የሰሙት በሕግ የተጠበቀ እንዲሆን ደነገገ።

ዛሬ እንዲህ ባለው ክፍል ምን ይደረጋል ቢባል፣ ሥርዓቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ተማሪዋ፣ አንዳንድ ጊዜም ተማሪው፣ ወንዶችም ይጠቃሉና፣ ገብታ ከመናገሯ በፊት አማካሪዋ ትናገራለች፤ የምትጠብቀውን ምስጢር፣ ልትጠብቀውም የማትችለውን፣ ለምሳሌ በሕይወት ላይ የቀረበ አደጋን ወይም በሕፃን ላይ የሚፈጸም በደልን፣ አስቀድማ ታስታውቃታለች። ከዚያ በኋላ የሚከፈቱት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ማደሪያ መለወጥ፣ ፈተና ማዘግየት፣ በዳዩ እንዳይቀርባት የሚያግድ ትእዛዝ ማውጣት፣ አብሮ ወደ ሆስፒታል መሄድ፣ ፖሊስ ዘንድ ሳትከስ በሐኪም ተመርምራ ማስረጃው እንዲቀመጥላት ማድረግ። ከነዚህ አንዱም ያለ እሺታዋ አይንቀሳቀስም። መዝገቧን ለሌላ ለማሳየት የሚያስፈልገው የፈቃድ ወረቀት ከፊቷ ሲቀመጥ፣ ለማን፣ ስለ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው ባዶ ቦታ በእርሷ እጅ እስኪሞላ ድረስ ባዶ ሆኖ ይቆያል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን፣ የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን ብታገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተነጋግሮ፣ ነገሩ በቤት ውስጥ ሲያልቅ ሕጉ ራሱ የገበና ጠባቂ ሆኖ ነበርና፣ ያ አንቀጽ እስኪወጣ እስከ 1997 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆነ። ልጆቻችንም ዛሬ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታ፣ በካሊፎርኒያ ግቢዎች ይማራሉ። ከእናቶቻቸው አንዷ፣ ሌሊት ታክሲ ስትነዳ ወይም በሆስፒታል በሽተኛ ስታገላብጥ አድራ ያስተማረቻት ልጇ ድምፅዋ በስልክ እንደ ተለወጠ ብትሰማና ወደዚያ ቢሮ ብትደውል፣ ልጅዋ ወደዚያ መጥታ እንደ ሆነ እንኳ አይነግሯትም። ለእናት ይህ ከበር ላይ እንደ መመለስ ይቆጠራል፤ መቆጣቷም ያስታውቃል፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመች እኔ ነኝ ትላለችና። አማካሪዋ ግን በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ፣ ስለ ራሷ ስለ እናቲቱ ጭንቀት የሚያነጋግራት ሰው የምታገኝበትን ስልክ ትነግራትና ትዘጋለች። እናቲቱም ስልኩን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ልጅቷ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ አፍ፣ እማዬ ብላ እስክትደውል ድረስ ትጠብቃለች።